በቦሌ የሚገባው አቶም

ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ፣ ከመንገደኞች ማስተናገጃው ፈቀቅ ብሎ ባለው የካርጎ ግቢ፣ ሌሊትና ቀን አይለይም። ፎርክሊፍቶች ይመላለሳሉ። ወደ አውሮፓ የሚጫነው ጽጌረዳ በአንድ በር ይገባል፤ የመኪና መለዋወጫ፣ መድኃኒትና የስልክ ዕቃ በሌላው በር ይወጣል። ትራንዚተሮች ሰነዳቸውን ታቅፈው ከመስኮት መስኮት ይሯሯጣሉ። በዚህ ሁሉ ጭነት መካከል አልፎ አልፎ አንድ ለየት ያለ ዕቃ ይወርዳል። መጠኑ ከባልዲ አይበልጥም፤ ሲያነሱት ግን ክንድ ይፈትናል፤ መሐሉ በወፍራም የእርሳስ ብረት ታጥሯልና። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ላይኛው ግማሹ ቢጫ፣ ታችኛው ግማሹ ነጭ ነው። ባለ ሦስት ክንፍ ጥቁር ሥዕልና ከታች 7 ቁጥር ይታይበታል። በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች አመዳደብ 7ኛው ክፍል ራዲዮአክቲቭ ቁስ ነው።

ይህን ዕቃ የሚጠብቀው ሰው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ደጋግሞ ሰዓቱን ያያል። አበባ ቢዘገይ ቀዝቃዛ ክፍል ያቆየዋል። በእርሳሱ ውስጥ ያለውን ነገር ግን የትኛውም ማቀዝቀዣ አያቆየውም፤ ወረቀት እየተፈረመ፣ መኪና እየተጠበቀ፣ ሰው እያንቀላፋ ሳለ በራሱ ስሌት ያልቃል።

ከጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ኑክሌር የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ታክሲዎችና ካፌዎች ውስጥ ደጋግሞ ይነሳል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ሰሞን አገሪቱ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንደምትገነባ ተናገሩ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና የሩሲያው የመንግሥት የኑክሌር ኩባንያ ሮሳቶም ሞስኮ ላይ የሥራ ዕቅድ ተፈራረሙ። ወሬው ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሂሮሺማ፣ ወደ ቼርኖቤል ወይም ወደ ፉኩሺማ ይሮጣል። የኑክሌር ሳይንስ ግን ከማመንጫው ቀድሞ እዚህ ከተማ ገብቷል። በቦሌ ያርፋል፣ በቀለበት መንገድ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል፣ በአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ ይነበባል። ስለ ማመንጫው የሚደረገው ክርክር ቁምነገር እንዲኖረው የሚያስፈልጉት መሠረታዊ ሐሳቦች ሁሉ በእነዚህ ቦታዎች በተግባር ይታያሉ።

ሪአክተሩ ሩቅ፣ ሰዓቱ ቅርብ

የአቶም መሐል ኒውክለስ የሚባል እምብርት ነው። በውስጡ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ታጭቀዋል፤ ዙሪያውን ኤሌክትሮኖች ይከቡታል። የአንድን ንጥረ ነገር ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው፦ 27 ፕሮቶን ያለው ሁሉ ኮባልት፣ 92 ያለው ሁሉ ዩራኒየም ነው። የኒውትሮኖቹ ቁጥር ግን ሊለያይ ይችላል። ፕሮቶናቸው እኩል ሆኖ በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ አቶሞች አይሶቶፕ ይባላሉ። ከስማቸው ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የፕሮቶንና የኒውትሮን ድምር ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ኮባልት-59 የተረጋጋ ነው። አንድ ኒውትሮን ቢጨመርበት ኮባልት-60 ይሆናል፤ እምብርቱም ሚዛኑን ያጣል። ሚዛን ያጣ እምብርት ትርፍ ጉልበቱን በጨረር መልክ እያወጣ ወደ ተረጋጋ ሁኔታ ያመራል። ራዲዮአክቲቭ የሚባለው እንዲህ ያለው ቁስ ነው።

ለኑክሌር ሕክምና በብዛት ከሚላኩት ቁሶች አንዱ ሞሊብዲነም-99 ነው። ኢትዮጵያ የምርምር ሪአክተር ስለሌላት ቁሱ የሚመጣው ከውጭ፣ በአውሮፕላን ነው። በዓለም ላይ ይህን አይሶቶፕ ከሚያመርቱት ጥቂት ሪአክተሮች አንዱ በራሷ በአፍሪካ ይገኛል፦ ከፕሪቶሪያ አቅራቢያ ፔሊንዳባ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሳፋሪ-1። አህጉሪቱን ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ነፃ ያደረገው ውል ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቦታ ነው።

ሪአክተሩ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ኒውትሮን የዩራኒየም-235ን እምብርት ሲመታው እምብርቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከስንጥቁ ብዙ ሙቀት፣ ሁለት አነስተኛ አቶሞች፣ እንዲሁም ሁለት ወይም ሦስት አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። ክንውኑ ፊሽን ይባላል። አዳዲሶቹ ኒውትሮኖች ሌሎች እምብርቶችን እየመቱ ሲቀጥሉ የሰንሰለት ምላሽ ይፈጠራል። የሪአክተር ጥበብ ይህን ሰንሰለት በልክ መያዝ ነው፤ ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች ዝቅና ከፍ እየተደረጉ በአማካይ ከእያንዳንዱ ስንጥቅ አንድ ኒውትሮን ብቻ ቀጣዩን እንዲሰነጥቅ ይደረጋል። ከመቶ ስንጥቆች ስድስት ያህሉ ሞሊብዲነም-99ን ያስገኛሉ።

ቀጥሎ ሰዓቱ ይጀምራል። የሞሊብዲነም-99 ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው፤ ማለትም ዛሬ ካለው መጠን ከ66 ሰዓት በኋላ ግማሹ ብቻ ይቀራል፣ ሌላ 66 ሰዓት ሲያልፍ ሩቡ። አንድ ዕቃ በበረራ መዛባት ወይም በሰነድ ጉድለት አንድ ቀን ቢዘገይ ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ኃይሉን ያጣል። ሳምንት ቢቆይ ከመቶ 17 ያህል ብቻ ይተርፋል። የተከፈለው ዋጋ ግን አይቀንስም፤ የተቀጠሩት ሕመምተኞችም ቁጥር አይቀንስም።

ሞሊብዲነሙ ሲከስም የሚለወጠው ወደ ቴክኒሺየም-99ኤም ነው፤ ሐኪሙ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ባልዲ የሚያህለው ዕቃ ጀነሬተር ይባላል፤ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ጀነሬተር ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋራው። ጠዋት ላይ ባለሙያው ንጹሕ የጨው ውኃ በውስጡ ሲያሳልፍ ሌሊቱን የተጠራቀመው ቴክኒሺየም ታጥቦ ይወጣል። ከዚያም ወደ ተፈለገው አካል ከሚወስደው መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ለሕመምተኛው በደም ሥር ይሰጣል። አጥንት ላይ የተሰራጨ ካንሰር፣ የልብ የደም ዝውውር፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ በጋማ ካሜራ ፊት ይታያል። የቴክኒሺየሙ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ሕመምተኛው በነጋታው በዚያው ሰዓት ሲነሳ በሰውነቱ ከገባው ውስጥ ከ16 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይቀርም፤ ሰውነቱም ከፊሉን በሽንት አስወግዷልና።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ዓለም በደንብ ያየው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በካናዳ ቾክ ሪቨር የሚገኘው እርጅና የተጫነው ሪአክተር ከግንቦት ወር ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ተዘጋ፤ በብዙ አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች ምርመራ እስከ መሰረዝ ደረሱ። አይሶቶፑ በመጋዘን አይከማችም። የሚበቃው በየሳምንቱ ከተመረተ ብቻ ነው።

በፍተሻው ቀበቶ ላይ

በመንገደኞች ማስተናገጃው በኩል ሌላ ጨረር አለ፤ ይህኛው ከእያንዳንዱ ተጓዥ ሻንጣ ጋር በየቀኑ ይገናኛል። ወደ ባሕር ማዶ ለልጃቸው በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ቋጥረው የሚሄዱ እናት ሻንጣቸው በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ቢሠጉ አይፈረድባቸውም። ምግቡ ይበከል ይሆን?

አይበከልም። የፍተሻ ማሽኑም ሆነ የሆስፒታሉ ራጅ በውስጣቸው ራዲዮአክቲቭ ቁስ የላቸውም። ጨረሩን የሚያመነጩት በኤሌክትሪክ ነው፤ ሲጠፉ ጨረሩ እዚያው ይቆማል። በዚህ ጨረር የታየ በርበሬ፣ ልብስ ወይም ሰው ጨረር አመንጪ አይሆንም።

በኑክሌር ጉዳይ ከፍተኛ መደናገር የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው፦ በጨረር መመታትና በራዲዮአክቲቭ ቁስ መበከል። ምድጃ ፊት የተቀመጠ ሰው ይሞቃል፣ ሲነሳ ግን እሳት ይዞ አይሄድም፤ ፍም ቀሚሱ ላይ የወደቀበት ሰው ግን እስኪያራግፈው ድረስ እሳቱ አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያው መመታት ነው፤ ሁለተኛው መበከል። መከላከያቸውም ይለያያል። ከጨረር ምንጭ የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ርቀት፣ አጭር ቆይታና ወፍራም ግርዶሽ። ብክለት ግን መታጠብን፣ መለየትንና ቁሱን ሰብስቦ መያዝን ይጠይቃል።

የጨረሩ ዓይነትም ወሳኝ ነው። አልፋ የሚባለውን ወረቀት ያስቆመዋል፤ አደጋው ቁሱ በትንፋሽ ወይም በምግብ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ቤታን ስስ የአሉሚኒየም ሉህ ይገታዋል። ጋማ ግን ወፍራም እርሳስ ወይም ግድግዳ የሚያህል ኮንክሪት ይፈልጋል። የካርጎ ግቢው ዕቃ የከበደው ስለዚህ ነው። በምልክቱ ላይ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው ሌላው ቁጥር ደግሞ ከዕቃው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ጨረሩ ምን ያህል እንደሚበረታ ይናገራል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዕቃው ከሰዎች የበለጠ ርቆ ይቀመጣል።

መበከል ምን ሊያስከትል እንደሚችል የብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ መስክራለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ አንድ የካንሰር ሕክምና መሣሪያ አካል ፈታተው ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡ። በውስጡ የነበረው የሲዚየም-137 ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ነበርና ለዘመድ ለጎረቤት ተከፋፈለ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ ከ110,000 በላይ ነዋሪ ተመረመረ። ጠዋት ጠዋት ቆራሌው እየተጣራ በሚያልፍባቸው የገርጂ፣ የሲኤምሲና የአያት ሰፈሮች ለሚኖር ሰው ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ አያልፍም። ባለ ሦስት ክንፉን ምልክት ቆራሌው ራሱ ሊያውቀው ይገባል።

በ2,300 ሜትር ላይ

የቦሌ አስፋልት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተዘርግቷል። ይህ ከፍታ የአውሮፕላን ሞተርን እንደሚፈትን አብራሪዎች ያውቃሉ። ከጨረርም ጋር ግንኙነት አለው። ከሕዋ የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር በአየር ንብርብር እየተመታ ይደክማል፤ ከራስ በላይ ያለው አየር በሳሳ ቁጥር የሚደርሰው ጨረር ይጨምራል።

ለሰው አካል የሚኖረው ጉዳት የሚለካው በሲቨርት ነው። ሲቨርት ትልቅ መጠን ስለሆነ በዕለት ተዕለት ሥራ የሚነገረው ሺሕኛው፣ ሚሊ ሲቨርት ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊ ሲቨርት ይደርሰዋል፤ ግማሽ ያህሉ ከአፈርና ከድንጋይ እየተነነ ቤት ውስጥ ከሚጠራቀመው ራዶን ጋዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ባወጣው ግምት በ1,660 ሜትር ላይ ያለው የናይሮቢ ነዋሪ ከኮስሚክ ጨረር በዓመት 0.58፣ በ2,240 ሜትር ላይ ያለው የሜክሲኮ ከተማ ነዋሪ 0.82 ሚሊ ሲቨርት ያገኛል። በባሕር ዳርቻ ግን ከ0.3 አይበልጥም። አዲስ አበባ በከፍታ ከሜክሲኮ ከተማ ጋር ትቀራረባለች። የአዲስ አበባ ሰው ሳያውቀው በየዓመቱ ከጅቡቲ ወደብ ነዋሪ ይልቅ ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል፤ ለጤናው የሚያሠጋ መጠን ግን አይደለም።

የበረራ ሠራተኞች ደግሞ ሥራቸው አሥር ሺሕ ሜትር ላይ ነው። የረጅም ርቀት አብራሪዎችና አስተናጋጆች በዓመት ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሲቨርት ተጨማሪ እንደሚደርሳቸው በብዙ አገሮች የተደረጉ ልኬቶች ያሳያሉ። የምድር መግነጢስ በምድር ወገብ አካባቢ ጨረሩን አጥብቆ ስለሚመልስ ከቦሌ ወደ ኪጋሊ ወይም ወደ ሌጎስ የሚደረግ በረራ የሚያስከትለው መጠን ከሰሜን አትላንቲክ በረራ በሰዓት ያነሰ ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብ በሥራው ምክንያት ከጨረር ጋር ለሚገናኝ ሰው ያስቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ ለሕዝብ ደግሞ ከተፈጥሮና ከሕክምና ውጭ በዓመት 1። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ቦታ ቦታውን ይይዛል። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊ ሲቨርት በታች ነው፤ የሆድ ሲቲ ስካን 8 ወይም 10 ሊደርስ ይችላል። «ጨረር አለው?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ያህል?» የሚለው መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።

የቃሊቲ ዝንቦች

ከቦሌ በቀለበት መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቃሊቲ ይደረሳል። እዚያ፣ በከተማው ጫፍ፣ የመንግሥት ተቋም በሙቀትና በእርጥበት በተጠበቁ ክፍሎች ውስጥ የቆላ ዝንብ ያረባል። የገጠር አርሶ አደር የዘመን ጠላት የሆነውን ዝንብ ማርባት ለሰሚው ግራ ነው።

የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ከከብት ወደ ከብት ያስተላልፋል። በሬ ይከሳል፣ ላም ወተቷ ይነጥፋል፣ ለም የወንዝ ዳር መሬት ያለ አራሽ ይቀራል። በደቡብ፣ በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ዝንቡ የያዘው መሬት ከ180,000 እስከ 220,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይገመታል። ፀረ ተባይ መድኃኒትና ወጥመድ ቁጥሩን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ የተረፉት ጥቂቶች ግን መልሰው ይራባሉ።

የኑክሌር ሳይንስ የገባው እዚህ ጋ ነው። በኢትዮጵያ መንግሥትና በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት በቃሊቲ የማርቢያና የጨረር ማዕከል ገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አስመረቀ። ወንዶቹ ዝንቦች ለተለካ ጊዜ በኮባልት-60 ጋማ ጨረር ፊት ይቀመጣሉ። ጨረሩ የዘር ፍሬያቸውን ውርስ ይሰባብረዋል፤ መብረርና ከሴት ጋር መገናኘት ግን አያግዳቸውም። ሴቷ የቆላ ዝንብ በአብዛኛው በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ትገናኛለች። የመከነ ወንድ ካገኘች ዘር አይኖራትም። ዝንቧ እንደ ሌሎች ዝንቦች በመቶ የሚቆጠር ዕንቁላል የምትጥል አይደለችም፤ በአሥር ቀን ገደማ አንድ እጭ ብቻ ነው የምትወልደው። ስለዚህ እያንዳንዱ የከሸፈ ግንኙነት ለትውልዱ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ሥራው ከባድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዝንቦቹ የሚመገቡት ደም ብቻ በመሆኑ የከብት ደም በልዩ ስስ ሽፋን ሥር ሞቆ ይቀርብላቸዋል። ወንዱም እንደ ሴቷ ደም መጣጭ ስለሆነ ከመለቀቁ በፊት ገንዲን የሚከላከል መድኃኒት ከደሙ ጋር ይሰጠዋል፤ አለዚያ የመከነው ዝንብ ራሱ በሽታ አስተላላፊ ይሆናል። የጨረሩ መጠን ካነሰ ዝንቡ አይመክንም፤ ከበዛ ይደክምና በዱር ወንዶች ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ ቀዝቅዘው ወደ አርባ ምንጭ አካባቢ ይጓዛሉ፤ በዴሜ ተፋሰስ ከአነስተኛ አውሮፕላን ተለቅቀዋል።

በዚሁ ዘዴ በዛንዚባር የኡንጉጃ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከቆላ ዝንብ ነፃ መሆኗ ተረጋግጧል። ደሴትን ባሕር ይጠብቃታል። ስምጥ ሸለቆው ግን አጥር የለውም፤ ዝንቡ ከጎረቤት ተፋሰስ ተመልሶ ይገባል። በደቡብ ኢትዮጵያ ሥራው ዓመታት የወሰደውና ዝንቡም ገና ያልጠፋው ከዚህ የተነሣ ነው። የቃሊቲ ባለሙያዎች የያዙት ትዕግሥት ግን ከበሬው ሌላ ጥሪት ለሌለው ገበሬ የሚከፈል ነውና ክብር ይገባዋል።

ቃሊቲ ዝንብ የሚያመክነው ኮባልት-60 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርን ሲወጋ ኖሯል። የሆስፒታሉ የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት ማሽን ተጀመረ፤ ከሃያ ዓመት በላይም የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር። ከሁሉም ክልል የመጡ ሕመምተኞች ተራ እስኪደርሳቸው ለወራት ጠብቀዋል። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5.27 ዓመት ነው። ምንጩ አዲስ ሳለ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና ከአምስት ዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ አራት ደቂቃ ይወስዳል፤ በቀን የሚስተናገደው ሰው ቁጥርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቅርብ ዓመታት በጥቁር አንበሳና በጅማ ሥራ የጀመሩት ሊኒየር አክስለሬተሮች ጨረራቸውን የሚያገኙት ከኤሌክትሪክ ነው። የሚያረጅ ምንጭ የላቸውም፤ መብራት ሲቋረጥ ግን ይቆማሉ።

ዝናብ ሲነበብ

አይሶቶፕ ሁሉ ጨረር አያመነጭም። የውኃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በተፈጥሮ ከበድ ያሉና የተረጋጉ ወንድሞች አሏቸው፦ ዲዩቴሪየምና ኦክስጅን-18። ደመና ወደ ተራራ ሲወጣ ከባዱን ውኃ አስቀድሞ ያዘንባል፤ ስለዚህ ከፍታ ላይ የሚጥለው ዝናብ በአብዛኛው ቀለል ያለ ነው።

የአዲስ አበባ ዝናብ ግን ይህን ሕግ አይከተልም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 የዝናብ አይሶቶፕ መረብ ሲዘረጉ አዲስ አበባ ከቀደምቶቹ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። የተገኘው ውጤት ሳይንቲስቶችን አስገረመ፤ የክረምቱ ዝናብ ለእንዲህ ዓይነት ከፍታ ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነበር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከኮንጎ ተፋሰስና ከደቡብ ሱዳኑ የሱድ ረግረግ ዕፅዋት ተንፍሶ በሚመጣው እርጥበት ያስረዳሉ። ኢትዮጵያዊው የሥነ ከርሰ ምድር ውኃ ምሁር ሰይፉ ከበደና ፈረንሳዊው ኢቭ ትራቪም እ.ኤ.አ. በ2012 ስለዚሁ ዝናብ አመጣጥ ጽፈዋል። ክርክሩ የላቦራቶሪ ጨዋታ አይደለም፤ የክረምታችን ዝናብ ከየት ደን እንደሚነሣ ማወቅ የዚያ ደን መመንጠር ምን እንደሚያስከትልብን ማወቅ ነው።

ከከርሰ ምድር ደግሞ ትሪቲየም ይናገራል። ይህ የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 12.3 ዓመት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ ኃያላኑ በአየር ላይ ባደረጉት የቦምብ ሙከራ በዓለም ዝናብ ውስጥ በብዛት ገባ። ትሪቲየም የሌለበት የጉድጓድ ውኃ ከዚያ ዘመን በፊት የዘነበ ነው፤ ያለበት ውኃ ደግሞ በቅርቡ ከላይ የሰረገ ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ በሚቀዳበት በአቃቂ ተፋሰስ እንዲህ ያሉ መለያዎች ለጥናት ውለዋል። ለከተማው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ወጣት ውኃ ቶሎ ይተካል፣ ከፋብሪካና ከመጸዳጃ የሚወርደው ብክለትም ቶሎ ይደርስበታል። አሮጌ ውኃ በአብዛኛው ከእንዲህ ያለ ብክለት የራቀ ነው፤ አንዴ ከተቀዳ ግን ለመተካት ትውልድ ይፈጃል።

ማን ይቆጣጠራል?

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቋመ፤ ሕጉም በአዋጅ ቁጥር 571/2000 እና በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 ተጠናከረ። በቅርቡ የመንግሥት አደረጃጀት ሲለወጥ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። እያንዳንዱ የራጅ ክፍል፣ እያንዳንዱ ኮባልት፣ በቦሌ የሚገባው እያንዳንዱ ባለ ቢጫ ምልክት ዕቃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በራጅ ክፍል ውስጥ ባለሙያው ደረቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ መለኪያም የሚደርሰውን መጠን ትመዘግባለች።

የኃይል ማመንጫ ሲመጣ የሥራው ስፋት ሌላ ይሆናል። መሠረቱ ከላይ የታየው ፊሽን ነው፦ ስንጥቁ ሙቀት ይሰጣል፣ ሙቀቱ ውኃን ያፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። በተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ የሚሰነጠቀው ዩራኒየም-235 ከመቶ 0.7 ብቻ ነው። ለተለመዱት ማመንጫዎች ከ3 እስከ 5 ይበለጽጋል፤ ለቦምብ የሚፈለገው 90 ገደማ ነው። ስለዚህ የማመንጫ ነዳጅ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። በቼርኖቤልና በፉኩሺማ የደረሰው የሰንሰለቱ ወይም የሙቀቱ ልጓም ሲላላ የሚመጣ ሌላ ዓይነት አደጋ ነው። ሪአክተር ከቆመም በኋላ ያገለገለው ነዳጅ መሞቁን ስለሚቀጥል ማቀዝቀዣ ውኃው ለአንድ ቀን እንኳ መቋረጥ የለበትም። ቆሻሻውም የሚለካው በግማሽ ዕድሜ ነው፦ አዮዲን-131 8 ቀን፣ ሲዚየም-137 30 ዓመት፣ ፕሉቶኒየም-239 24,100 ዓመት። የመጀመሪያው በወራት ውስጥ ያልቃል። የመጨረሻውን የሚረከበው ገና ያልተወለደ ትውልድ ነው።

አፍሪካ እስከ አሁን በሥራ ላይ ያላት የኑክሌር ማመንጫ አንድ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የምታንቀሳቅሰው ኩበርግ። ግብፅ በሮሳቶም የምታስገነባው የኤል ዳባ ማመንጫ ግንባታ በ2022 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ያላት ኢትዮጵያ ኑክሌርን የምትሻው ዝናብ ሲያጥር የማይዋዥቅ ኃይል ለማግኘት ነው፤ ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ኤጀንሲው ለጀማሪ አገሮች ያወጣው መመሪያ በሦስት ምዕራፍ 19 ጉዳዮችን ይዘረዝራል፦ ሕግ፣ የሰው ኃይል፣ የቦታ ጥናት፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የነዳጅ ዑደት፣ የቆሻሻ አያያዝ፣ የአደጋ ዝግጅት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ሌሎችም። ጉዞው በተለምዶ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል።

ከእነዚህ ሁሉ በገንዘብ የማይገዛውና በብድር የማይመጣው አንድ ነው፤ ማመንጫውን ከሚገነባውና ከሚያስተዳድረው አካል የተለየ፣ በቂ መሐንዲስና ፊዚሲስት ያለው፣ ጉድለት ሲያይ ሥራ የሚያስቆም ተቆጣጣሪ። ይህ ተቋም የሚሠራው ዛሬ የካርጎ ዕቃ ከሚመዘኑት፣ የራጅ ክፍል ከሚፈትሹትና የቃሊቲን ኮባልት ከሚመዘግቡት ባለሙያዎች ነው። ሪአክተሩ ያለበት ቦታ ከመመረጡ፣ የመጀመሪያው ኮንክሪትም ከመፍሰሱ በፊት የእነዚህ ሰዎች ቁጥር፣ ሥልጠናና ደመወዝ በጀት ውስጥ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል፤ የሕዝብ እንደራሴዎችም የማመንጫውን ዕቅድ ሲመረምሩ አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባው ይኸው ነው።